ጥቁሩ ቦታ ቀዳዳ አይደለም

ስለ ስስ የፈሳሽ ሽፋን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ሥራ ልሥራ። ይህ ከተራ ሽቦ ያጠፍሁት ቀለበት ነው፤ ስፋቱ የቡና ስኒ አፍ ያህላል። በዚህ ሳህን ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ውኃና ጥቂት ግሊሰሪን አለ። ቀለበቱን ነክሬ አወጣሁት፤ ከጥቁር ጨርቅ ፊት አቆምሁት፤ እንዳይደርቅና ነፋስ እንዳይነካው የመስታወት ማሰሮ ደፋሁበት። መብራቱ በትከሻዬ በኩል ያርፍበታል። እኔን በጆሯችሁ ስሙኝ፤ ዐይናችሁን ግን ከቀለበቱ አትንቀሉ። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይፈጸማል።

አያቴ ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። የደረቀውን ፍሬ በሙቀጫ ወቅጠው በገበቴ ይዘፈዝፉታል። ከዚያ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ሲያማስሉት ነጭ አረፋ ገበቴውን ሞልቶ ይፈሳል። እኔ ከጎናቸው ቁጢጥ ብዬ አረፋውን በሁለት መዳፌ እዘግንና ወደ ፀሐይ አቀርበዋለሁ። ከሩቅ እንደ ጥጥ የነጣው ነገር ከቅርብ ሲያዩት ነጭ አይደለም። እያንዳንዱ ግድግዳ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ በላዩ ሮዝና አረንጓዴ ይንሸራተታል፤ ጥቂት ቆይቶ ቀለሙ ይገረጣል፤ ከላይኛው ጥግ አንድ ጠቆር ያለ ነጥብ ብቅ ይልና ይሰፋል፤ ከዚያ ጧ! "ሊፈነዳ ሲል ይጠቁራል" ይሉኝ ነበር አያቴ። እኔም ጥቁሩ ነገር ቀዳዳ መሆኑን ለአንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠርሁም። መሳሳቴን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በቤተ ሙከራ ነው። አያቴ ግን አልተሳሳቱም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት።

በዚህ ነገር የተደነቀው የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። በ1672 ለንደን ውስጥ ሮበርት ሁክ የተባለ ተመራማሪ ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሳይንስ ማኅበር ስለ ሳሙና አረፋ ሲናገር፣ በአረፋው ላይ ቀዳዳ የሚመስሉ ክብ ክብ ጥቁር ቦታዎች እንዳየ ገልጾ ነበር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ አይዛክ ኒውተን መጣ። በ1704 ባሳተመው "ኦፕቲክስ" መጽሐፉ የሳሙና አረፋ ነፍቶ፣ አየር እንዳያናውጠው ጥርት ያለ መስታወት ደፍቶበት ቀለሙን ተራ በተራ ሲከታተል እናገኘዋለን። እኔ አሁን የደፋሁት ማሰሮ የእሱ ዘዴ ነው። ኒውተንም መጀመሪያ ጥቁሩ ቦታ ምንም ብርሃን የማይመልስ መስሎት ነበር። ነገር ግን ቀረብ ብሎ ሲያይ በጥቁሩ ውስጥ ሌሎች ይበልጥ የጠቆሩ ትንንሽ ክቦች አገኘ። ጥቁር ከጥቁር የሚለይ ከሆነ እንግዲህ ያኛው ጥቁር ጥቂት ብርሃን ይመልሳል ማለት ነው። ቀጥሎ ሻማ አቀረበ፤ የሻማው ምስል በጥቁሩ ቦታ ላይ እጅግ ደብዝዞ ታየው። ቀዳዳ ደግሞ የሻማ ምስል አይመልስም። ይህችን የሻማ ፈተና አትርሷት።

ታዲያ ውኃና ሳሙና ያለበት ቦታ ለምን ይጠቁራል? ብርሃን ሞገድ ነው፤ ዐይናችን የሚያየው የሞገዱ ርዝመት በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በቀለበቱ ላይ የተዘረጋው ሽፋን ሁለት ገጾች አሉት፤ አንዱ ወደ እናንተ፣ ሌላው ወደ ጨርቁ የዞረ። ብርሃን ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ይመለሳል። ከፊተኛው ገጽ የሚመለሰው ሞገድ ይገለበጣል፤ ከኋለኛው የሚመለሰው አይገለበጥም። ሽፋኑ ወፈር ሲል ሁለቱ ሞገዶች የሚሄዱት መንገድ ስለሚለያይ አንዳንዱ ቀለም ይጠናከራል፣ አንዳንዱ ይጠፋል። በክረምት አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ቀስተ ደመና የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሽፋኑ እየሳሳ 100 ናኖሜትር ገደማ ሲደርስ ቀለም ሁሉ አብሮ ስለሚመለስ ብርማ ነጭ ይሆናል። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን የመንገድ ልዩነት የሚባል ነገር ይቀራል፤ የተገለበጠውና ያልተገለበጠው ሞገድ ፊት ለፊት ይገናኙና እርስ በርስ ይጣፋሉ። ብርሃኑ ወደ እኛ መመለሱን ትቶ አልፎ ይሄዳል፤ የምናየውም ከኋላ ያለውን ጨርቅ ነው።

አሁን ቀለበቱን እዩት። ከላይ ወደ ታች የቀለም መቀነቶች መውረድ ጀምረዋል፤ ጥለት ያለው የሀገር ቀሚስ ይመስላል። ውኃው በክብደቱ ወደ ታች እየፈሰሰ ነው፤ ላይኛው ክፍል እየሳሳ፣ ታችኛው እየወፈረ ይሄዳል። እያንዳንዱ መቀነት የውፍረት ልክ ነው። ማንበብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀለም የናኖሜትር ማስመሪያ ነው።

ሽፋኑ ለምን እንደሚጠቁር ካወቅን ዘንድ፣ ከዚያ የከበደው ጥያቄ ለምን ይቆማል የሚለው ነው። ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ "ሳሙናው ውኃውን ስለሚያጠነክረው" የሚል ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይሳሳባሉ። መሐል ያለው ሞለኪውል ከየአቅጣጫው ይሳባል፤ ገጹ ላይ ያለው ግን ከበላዩ ጎረቤት ስለሌለው ወደ ውስጥ ይጎተታል። በዚህ የተነሳ የውኃ ገጽ ሁልጊዜ ራሱን ለማጥበብ ይታገላል፤ ጤዛ በጎመን ቅጠል ላይ የሚድበለበለው ለዚህ ነው። ይህን ኃይል የገጽ ውጥረት እንለዋለን። የንጹሕ ውኃ ውጥረት በክፍል ሙቀት 72 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ነው፤ ሳሙና ሲገባበት ከ25 እስከ 30 ይወርዳል። ሳሙና ውኃን ያደክማል እንጂ አያጠነክርም። ንጹሕ ውኃ ግን፣ ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ፣ በቀለበት ላይ ለቅጽበት እንኳ አይቆምም።

ምሥጢሩ ያለው ከጉልበቱ ይልቅ ጉልበቱ ከቦታ ቦታ መለዋወጥ በመቻሉ ላይ ነው። የሳሙና ሞለኪውል ራስና ጅራት አለው። ራሱ ውኃ ወዳድ ነው፤ ጅራቱ ውኃ ይጠላል። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ሁለት ሰልፍ ይሠራሉ፤ ውኃውን መሐል አድርገው ራሳቸውን ወደ ውስጥ ይነክራሉ፣ ጅራታቸውን ወደ አየር ይሰዳሉ። አሁን ሽፋኑ አንድ ቦታ ላይ ተለጠጠ እንበል። እዚያ ቦታ ሰልፉ ይሳሳል፤ ሳሙናው ሲሳሳ የውኃው ውጥረት ይበረታል፤ የበረታው ቦታ ጎረቤቱን ወደ ራሱ ይስባል፤ የሚሳበው ገጽ ከሥሩ ያለውን ውኃ ይዞ ይመጣል። የሳሳው ቦታ በዚህ መንገድ ይሞላል። የቆሰለ ቦታ ራሱ ጠጋኙን ይጠራል ማለት ነው። ይህን የገጽ ፍሰት ካርሎ ማራንጎኒ የተባለ ጣሊያናዊ በ1865 በፓቪያ ለዶክትሬቱ ባቀረበው ጽሑፍ ስላጠናው በስሙ ይጠራል። ቤት ስትገቡ በሳህን ውኃ ላይ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነስንሱ፤ መሐሉን ሳሙና በነካ ጣት ንኩት። በርበሬው ወደ ዳር የሚሸሸው ሳሙናው ገፍቶት እንዳይመስላችሁ፤ በዳር ያለው ንጹሕ ውኃ ስቦት ነው።

ይኸውና ሌላ ቀለበት። ጣቴን በሳሙናው ነክሬ በሽፋኑ መሐል አሳለፍሁት፤ አልፈነዳም። አሁን በደረቅ ጣት ነካሁት፤ ጠፋ። ቀዳዳው አንዴ ከተከፈተ የሚሰፋበትን ፍጥነት በስሌት ማግኘት ይቻላል፤ ውፍረቱ 1000 ናኖሜትር ለሆነ ሽፋን በሰከንድ 8 ሜትር ያህል ነው፤ ጥቁር ለሆነ 10 ናኖሜትር ሽፋን ከ70 ሜትር ይበልጣል። "ጧ" የምንለው ድምፅ ይህ ነው።

ወደ ተሸፈነው ቀለበት እንመለስ። ላይኛው ጫፍ ነጣ፤ ከነጩ በላይ ደግሞ ጥቁሩ ብቅ ብሏል። ልብ ብላችሁ ከሆነ ቀስ በቀስ አልጠቆረም፤ ጥቁሩና ነጩ በስለት እንደ ተቆረጠ ድንበር ተለያይተዋል። ይህ ድንበር ብዙ ይናገራል። ውኃው እየፈሰሰ ሁለቱ ሰልፎች ሲቀራረቡ ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ይነሣሉ። በአንድ በኩል ሁሉም ቁስ በቅርብ ርቀት የሚሳሳብበት ኃይል ሽፋኑን ሊጨፈልቀው ይጫናል። በሌላ በኩል የሳሙናው ራሶች ኤሌክትሪክ ስላላቸው፣ ተመሳሳይ ስለሆኑም፣ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ሩስያዊው ቦሪስ ዴርያጊን በ1930ዎቹ ይህን በስስ ሽፋን ውስጥ የሚነሣ ግፊት ለይቶ አወጣው፤ እኔ "የመለያያ ግፊት" እለዋለሁ። ሽፋኑ በማናቸውም ውፍረት አይቆምም። ሁለቱ ኃይሎች የሚመዛዘኑበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዘሎ ያርፋል። የመጀመሪያው ማረፊያ ከ10 ናኖሜትር በላይ ነው፤ ሁለቱ ሰልፎች በኤሌክትሪክ ተራርቀው የቆሙበት ነው። ውኃው ላይ ጨው ብንጨምር ጨው ያንን ግፊት ስለሚያደክመው ሽፋኑ እንደገና ይዘልና 5 ናኖሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። ይህ የመጨረሻው ነው። እዚያ ሁለቱ ሰልፎች ራስ ለራስ ሊነካኩ ደርሰዋል፤ በመካከል የቀረው ውኃ እጅግ ጥቂት ነው። የሰው ፀጉር ከዚህ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይወፍራል። "የኒውተን ጥቁር ሽፋን" የሚባለው ይህ ነው፤ ኒውተን በጥቁሩ ውስጥ ያያቸው ይበልጥ የጠቆሩ ክቦች።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ስንት ነገር አለ፣ ስስ ቢሆንም ከላይና ከታች ገጽ ያለው፣ በመካከሉ ደግሞ "ውስጥ" ያለው? የወረቀት ውስጥ አለ፣ የእንጀራ ውስጥ አለ። ይህ ሽፋን ግን ገጽ ብቻ ነው፤ ውስጡን ጨርሶ ያፈሰሰ ነገር ነው። ያም ሆኖ ይቆማል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዴዋር ከአቧራና ከንዝረት ጠብቆ እንዲህ ያለ ሽፋን ለዓመታት ማቆየት ችሎ ነበር። አያቴ "ሊፈነዳ ሲል ይጠቁራል" ያሉት በገበቴው ዳር ነፋስና ፀሐይ ስለ ነበሩ ነው። ጠባቂ ካገኘ ጥቁሩ የሞት ምልክት መሆኑ ይቀርና የዕረፍት ቦታ ይሆናል።

"ይህ ሁሉ ለምን ይበጃል?" የሚል ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። ኬሚስቶች ኮሎይድ የሚሉት አንድ ነገር በሌላው ውስጥ እጅግ ደቅቆ የተበተነበትን ድብልቅ ነው፤ ወተት፣ ጭጋግ፣ አረፋ፣ ቀለም። የእነዚህ ሁሉ ዕድል የሚወሰነው ሁለት ጠብታዎች ሲገናኙ በመካከላቸው የሚቀረው ስስ ሽፋን ይበጠስ ወይስ ይቁም በሚለው ነው። እርጎ የሚናጠው እኮ በስቡ እንክብሎች ዙሪያ ያለውን ሽፋን ለመስበር ነው። እስኪሰበር ድረስ ቅቤ የለም፤ ከተሰበረ በኋላ ስቡ ከስቡ ይያያዝና ቅቤው ይወጣል። ሌት የተነሡ እናቶች መናጫውን ወዲያና ወዲህ ሲወዘውዙ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሽፋኖችን እያፈረሱ ነበር።

ነገር ግን ለጥቅም ብዬ አላቆምም። ከዚያ የሚበልጥ አለና። ለእሱ ወደ አንድ ወጥ ቤት ልውሰዳችሁ።

አግነስ ፖክልስ በ1862 በቬኒስ ተወለደች፤ ያደገችውም የኖረችውም በጀርመን ከተማ በብራውንሽቫይግ ነው። ያኔ ሴት ልጅ በሀገሯ ዩኒቨርሲቲ አትገባም ነበር። ወንድሟ ፍሪድሪክ ፊዚክስ ተማረ፤ እሷ የታመሙ ወላጆቿን እያስታመመች ቤት ያዘች። በወጥ ቤቷ ግን አንድ መሣሪያ ሠራች፤ እስከ አፉ ውኃ የተሞላ ረዘም ያለ የቆርቆሮ ገንዳ፣ በላዩ ከዳር እስከ ዳር የሚያርፍ ቀጭን የብረት ዘንግ። ዘንጉን ስትገፋው በውኃው ገጽ ላይ ያለው የዘይት ሽፋን ይጠባል፤ ስትመልሰው ይሰፋል። የውኃውን ውጥረት የምትለካው ደግሞ ገጹን የነካች ትንሽ ቁልፍ ለማላቀቅ ስንት ክብደት እንደሚያስፈልግ በሚዛን በመመዘን ነው። ያገኘችው ነገር ቀላልና ትልቅ ነበር። ገጹ ሰፊ ሳለ ዘይቱ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ እያጠበቡት ሲሄዱ አንድ ልክ ላይ ውጥረቱ በድንገት መውረድ ይጀምራል። ዛሬ ምክንያቱን እናውቀዋለን፤ ሞለኪውሎቹ ጎን ለጎን ትከሻ ለትከሻ የተነካኩበት ልክ ነው።

በጥር 1891 ለእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ በጀርመንኛ ደብዳቤ ጻፈች። ሬይሊ ራሱ ያን ሰሞን የወይራ ዘይት በውኃ ላይ እያፈሰሰ ውፍረቱን ወደ 1.6 ናኖሜትር የለካ ሰው ነበር። ደብዳቤውን አስተረጎመና "ኔቸር" ለተባለው መጽሔት እንዲታተም ጠየቀ፤ በመጋቢት ወር ታተመ። ያን የመሰለውን ክብር ለማያውቃት የቤት እመቤት መስጠቱን እኔ ከግኝቶቹ አላሳንሰውም። ከእሷ ገንዳ ተነሥቶ አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሚዩር በ1917 የተሻሻለ ገንዳ ሠራ፤ በ1932 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት የብራውንሽቫይግ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ለአግነስ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። 70 ዓመቷ ነበር።

አሁን ገንዳው ወደ ደም ይሻገራል። በ1925 በሆላንድ፣ በላይደን፣ ኤቨርት ጎርተርና ፍራንሷ ግሬንደል የቀይ ደም ሴሎችን ወስደው በውስጣቸው ያለውን ስብ አወጡ፤ ስቡን በገንዳው ውኃ ላይ ዘርግተው ስፋቱን ለኩ። ስፋቱ ከሴሎቹ ገጽ እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ሴልን የሚከብበው ቆዳ በሁለት ሰልፍ የቆመ ስብ ነው አሉ። ሥራቸው ሁለት ስሕተት ነበረበት፤ ስቡን ሁሉ አላወጡትም፣ የሴሉንም ገጽ አሳንሰው ገምተዋል። ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፉና መደምደሚያው ትክክል ወጣ። ሁለት ሰልፍ! ልዩነቱ መዞሩ ብቻ ነው። በሳሙና ሽፋን ጅራቶቹ ወደ ውጭ ወደ አየር ናቸው፤ በሴል ቆዳ ግን ውጩም ውስጡም ውኃ ስለሆነ ጅራቶቹ ወደ መሐል ገብተው ይተቃቀፋሉ። የሴላችን ቆዳ የተገለበጠ የሳሙና ሽፋን ነው፤ ውፍረቱም ያው 5 ናኖሜትር ገደማ።

በ1962 ፖል ሙለር፣ ዶናልድ ሩዲንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ይህን በእጃቸው ሠሩት። ውኃ ውስጥ በገባ ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅተው ከአንጎል የወጣ ስብ ቀቡበት። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት መጀመሪያ ቀለም ሠራ፤ ቀለሙ ገረጣ፤ ከዚያ ጥቁር ነጥብ ብቅ አለና ሰፍቶ ቀዳዳውን ሞላው። ሽፋኑ በሁለት ሰልፍ መቆሙን ያወቁት በመጥቆሩ ነው። ሁክ ቀዳዳ የሚመስል ቦታ ካየ ከ290 ዓመት በኋላ ያው ጥቁር ቦታ የሕይወት ግድግዳ ሆኖ ተገኘ።

ወደ ሳንባ ልግባ፤ እዚህ ጥቂት እንቆይ። ሁለት የሳሙና አረፋ፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ በቀጭን ቱቦ ብናገናኝ የትኛው የትኛውን የሚሞላ ይመስላችኋል? ብዙ ሰው ትልቁ ትንሹን ይሞላል ይላል። አየሩ ግን ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሄዳል። አረፋ ባነሰ ቁጥር በውስጡ ያለው ግፊት ይበረታልና ትንሹ እየሟሸሸ ይጠፋል፣ ትልቁ ያብጣል። ሳንባችን ደግሞ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ የእያንዳንዱ ስፋት ከ0.2 ሚሊሜትር አይርቅም፤ ውስጡ በስስ ፈሳሽ ተለብጧል። ያ ፈሳሽ ንጹሕ ውኃ ቢሆን ኖሮ በተነፈስን ቁጥር ትንንሾቹ በትልልቆቹ እየተዋጡ ይዘጉ ነበር።

በ1955 ሪቻርድ ፓትል የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከሳንባ የወጣ አረፋ ሲያጠና አንድ እንግዳ ነገር አየ፤ አረፋው አይፈነዳም። ሌላው አረፋ የሚጠፋበት ጊዜ አልፎ ይህኛው እንዳለ ይቆያል። ፓትል በሳንባ ውስጥ ውጥረቱን ወደ ዜሮ የሚያቀርብ ሽፋን እንዳለ ተረዳ። ጆን ክሌመንትስ በ1957 በአሜሪካ በገንዳ ላይ ለካው፤ ያው የገንዳ ዘር ነው፤ ገጹ ሲጠብ ውጥረቱ ይወርዳል፣ ሲሰፋ ይወጣል። ስንተነፍስ ከረጢቱ ሲያንስ ሽፋኑ ይጨናነቅና ውጥረቱን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ትንሹ በትልቁ አይዋጥም። ከዚያ ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባለች ወጣት ሐኪም ወደ ክሌመንትስ ሄዳ ነገሩን ተማረች። ኤቨሪ ቀናቸው ሳይደርስ ተወልደው መተንፈስ አቅቷቸው የሚሞቱ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ አረፋ እንደማይገኝ አስተውላ ነበር። በ1959 ከጄሬ ሚድ ጋር ባሳተመችው ጽሑፍ የእነዚህ ሕፃናት ሳንባ ይህ ሽፋን እንደሚጎድለው አሳየች።

ዕውቀቱ መድኃኒት እስኪሆን ግን ጊዜ ወሰደ። በነሐሴ 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከጊዜው ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተወለደ፤ ሁለት ቀን ሳይሞላው በዚሁ ሕመም አረፈ። ያን ጊዜ በዓለም ላይ ማንም ሊረዳው አይችልም ነበር፤ የአባቱ ሥልጣንም አልጠቀመውም። የጎደለው ነገር ቢሰበሰብ በማንኪያ የማይሞላ ስብ ነበር። በ1980 ጃፓናዊው ሐኪም ቴትሱሮ ፉጂዋራ ከላም ሳንባ ያዘጋጀውን ሽፋን ሠሪ ስብ ለ10 ሕፃናት በመተንፈሻ ቱቧቸው ሰጥቶ ሲሻላቸው አየ። ዛሬ ቀድመው የሚወለዱ ሕፃናት የሚታከሙበት መድኃኒት ከዚያ የመጣ ነው። መድኃኒቱ ባለበት ሆስፒታል የሚወለድ ልጅና በሌለበት የሚወለድ ልጅ ዕድላቸው አንድ አይደለም፤ ይህ ደግሞ የኬሚስትሪ ችግር አይደለምና የሚመለከታቸው ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

አያቴን ግን አልረሳሁም። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። ብዙ ሰው በዚያ ወንዝ አጠገብ አልፏል፤ ቆሞ የጠየቀው እሳቸው ናቸው። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በእንዶድ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሳፖኒን ይባላል፤ ከፍሬው የተለየው አንዱ ዓይነት በስማቸው ለማቶክሲን ተብሏል። ሳፖኒንም እንደ ሳሙና ራስና ጅራት አለው፤ በገበቴው ውስጥ በሁለት ሰልፍ ቆሞ የአረፋውን ግድግዳ የሚያቆመው እሱ ነው። ነገር ግን የሴልን ቆዳ ሲያገኝ ሌላ ነው። በዚያ የተገለበጠ ሰልፍ ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ይይዝና ሰልፉን ይበትነዋል፤ ቀይ የደም ሴል ከሳፖኒን ጋር ሲገናኝ ቆዳው ተቀዶ ቀዩ ነገር ወደ ውኃው ይፈስሳል። አንዱን ሽፋን የሚያቆም እጅ ሌላውን ያፈርሳል። ያ በልጅነቴ በመዳፌ የዘገንሁት ነጭ አረፋ ይህን ሁሉ ይዞ ነበር።

አሁን ወደ ማሰሮው። መቀነቶቹ ወርደው አልቀዋል፤ ከታች ቀጭን ጥለት ብቻ ቀርቷል። ቀለበቱ ከሞላ ጎደል ባዶ ይመስላል፤ ከኋላ ሆኖ ላየ ሰው ሽቦ ብቻ ነው። እባካችሁ ያንን የአዳራሹን መብራት አጥፉልኝ። ይህን ሻማ ለኮስሁ፤ ከማሰሮው አጠገብ በዚህ በኩል ያዝሁት። ማሰሮው ራሱም ነበልባሉን ይመልሳልና በእሱ እንዳትታለሉ፤ ከመስታወቱ አልፋችሁ በሽቦው ክብ ውስጥ ብቻ እዩ። ከፊት ረድፍ ያላችሁ ቀስ ብላችሁ ቅረቡ፤ ጠረጴዛውን አትንኩት። ዐይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ከጥቁሩ መሐል፣ በጣም የደበዘዘች፣ ቀጥ ብላ የቆመች አንዲት ነበልባል አለች። ያያችሁ፣ ቦታውን ለኋለኞቹ ልቀቁላቸው።